ሁለቱ ማኪኖች በኮሶዬ ዳገት

በጣሊያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ ሰው ሁሉ የሚተያየው በጎሪጥ ነበር። እኔን ደግሞ በሦስት ወገን ይጠረጥሩኝ ነበር። ጣሊያኖቹ የአርበኛ መልእክተኛ እሆን እንደሆን ይሰልሉኛል፤ አርበኞቹ ከጣሊያን ጋራዥ እንጀራ ስለምበላ ባንዳ ይሉኛል፤ አብረውኝ የሚሠሩት ደግሞ የወለቃ ቤተ እስራኤል፣ ያውም የብረት ቀጥቃጭ ልጅ በመሆኔ ቡዳ ነው ብለው ይፈሩኛል። እኔም ብሆን ማንንም አላምንም ነበር።

በጋራዡ ውስጥ፣ ጭቃ ከለበሱት የጭነት ማኪኖች ተለይተው፣ ሁለት የቅንጦት ማኪኖች ይቆሙ ነበር። ሁለቱም ረጅም መንገድ በፍጥነትና በምቾት እንዲሄዱ የተሠሩ ናቸው። ጥቁሯ የኮሎኔሉ ናት፤ ነጯ የመንገድ ሥራ ተቋራጩ። ባለቤቶቹ ምሳ በበሉ ቁጥር «የኔ ትበልጣለች» እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱና በመጨረሻ እስከ ኮሶዬ ሊወዳደሩ ቆረጡ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከነሱ ይልቅ ማኪኖቹን የማውቃቸው እኔ ነበርኩ። ጥቁሯ አፍንጫዋ ረጅም፣ ድምፅዋ ወፍራም፣ ሜዳ ላይ የሚስተካከላት የሌለ። ክብደቷ ግን ዳገት ላይ ቶሎ ያሞቃታል። ነጯ ቀለል ያለች ናት፤ መሪዋ በሁለት ጣት ይታዘዛል፣ ኩርባ አትፈራም። ወንበሯ ብቻ ድንጋይ ነው፤ ተቋራጩ ሲወርድ ሁልጊዜ ወገቡን ይዞ ነበር። ቢሆንም ልቤ ወደ ጥቁሯ ያደላ ነበር። አባቴ ማረሻ ቀጥቅጦ ሲጨርስ በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጥ ነበር፤ እኔም የጥቁሯን ሞተር እንደዚያ አዳምጠው ነበር።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት ሁለቱንም እንድፈትሽ ታዘዝኩ። የጥቁሯን ኮፈን ከፍቼ ዘይቷንና ውኃዋን ካየሁ በኋላ ሳላስበው «አቤት አሠራር! እንዴት ያለች ሸጋ ናት!» አልኩ። ማኪናዋን የሚያጥበው ሰውዬ አጠገቤ ቆሟል። ከወገራ የመጣ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ገበሬ ነው፤ ማኪናዋን እንደ በሬው ይወዳታል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው አያ? ምን አጠፋሁ?» አልኩት።

«አድንቀህ ዝም ትላለህ? እንትፍ በልባት እንጂ!»

«የኮሎኔል ማኪና ላይ ልትፋ? ብረት በዓይን አይበላም!» ብዬው በንዴት ወደ ነጯ ሄድኩ። ዞር ብዬ እንትፍ ብል ምን ነበረበት! እልኸኛ ነበርኩ።

ኮሎኔሉ አጣቢውን ከኋላ ጭኖ ጥቁሯን ነዳ፤ እኔ ከነመሣሪያዬ ከተቋራጩ ጋር ነጯ ላይ ተሳፈርኩ። እስከ ወለቃ ድረስ ጥቁሯ አቧራ አልብሳን ተሰወረች። ዳገቱ ሲጀምር ነጯ ኩርባ በኩርባ ትቀርባት ጀመር። ኮሶዬ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ጥቁሯ መንገድ ዳር ቆማ፣ በእንፋሎት ተሸፍና አገኘናት። ተቋራጩ ሳቁ እያመለጠው አጠገቧ አቆመ።

ኮሎኔሉ እጁን ሽጉጡ ላይ አድርጓል። «ጠዋት የከፈታት አንተ!» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። በዚያው ሰሞን አንድ ሾፌር ሞተር አበላሽተሃል ተብሎ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ኮፈኑን ከፈትኩ።

የማራገቢያው ቀበቶ ወልቆ ተንጠልጥሏል። በቀበቶውና በመዘውሩ መካከል በቆዳ የተሰፋ ክታብ ተቀርቅሯል፤ ክሩ ተቃጥሎ ተበጥሷል። ቀና ስል አጣቢው ባዶ አንገቱን በነጠላው ሸፈነ። ክታቡ የሱ ነው፤ ማኪናዋን ከኔ ዓይን ሊጠብቅ ሞተሯ ላይ አስሮታል!

ክታቡን ባሳይ እኔ ነፃ ነኝ፣ እሱ ይሰቀላል። ብደብቀው ተጠርጣሪው እኔ ብቻ ነኝ። በዚያች ሰዓት እንኳ ጥርጣሬ አልለቀቀኝም፤ ሆን ብሎ እኔን ሊያስገድል ያደረገው ቢሆንስ? ፊቱን አየሁት። የሚያየው ማኪናዋን እንጂ እኔን አልነበረም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ክታቡን በፒንሳ ነቅዬ እጅጌዬ ውስጥ ከተትኩና «ጠጠር ነው፤ ከመንገድ ተፈናጥሮ ገብቶ ቀበቶውን አወለቀው» አልኩ።

ኮሎኔሉ በጥፊ መታኝ፤ ደገመኝ። ተቋራጩ ግን «ሰውዬውን ተወው፤ ማኪናህ ዳገት አትችልም» ብሎ ሳቀበት። ኮሎኔሉ ማኪናው ደካማ ናት ከሚባል ጠጠሩን ማመን መረጠ። «ጠጠር ነው! ጠጠር ነው!» እያለ በነጯ ተሳፍሮ ከተቋራጩ ጋር ኮሶዬ ለምሳ ሄደ።

እኔና አጣቢው ሞተሩ እስኪበርድ ቀረን። ጉንጬ እያበጠ ነበር። ክታቡን አውጥቼ «እንካ አያ፤ ቶሎ ደብቀው» ብዬ ዘረጋሁለት።

«መሬት ላይ አስቀምጠው» አለኝ።

የኛም ሰዎች ባዕድ ሲነኩ ይታጠባሉና በዚህ አልከፋኝም። አስቀመጥኩለት። በነጠላው ጫፍ አነሣው፤ የተቀደደውን ቆዳ አገላብጦ ሲያይ ቆየ። ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና ፊቱን አዙሮ ተናገረኝ። በኮሎኔሉ ጥፊ ያልመጣው እንባዬ ያን ጊዜ መጣ።

«ክታቡም አልቻለህም» ነበር ያለኝ።