ቱርቦና ተርቦ

ወደ ደቡብ አፍሪካ ልንሄድ ከሆሳዕና የወጣንበት ማለዳ ጭቃው ጫማ ያወልቅ ነበር። ማርቆስ የሀደሮ ልጅ ነው፣ እኔ የዚያው የሆሳዕና፤ የተዋወቅነው አንድ ጋራዥ ስንሠራ ነው። እሱ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ፤ ስለዚህ ስንዋደድም ስንሰዳደብም በአማርኛ ነው። ሚኒባሱ ላይ ሲወጣ ከልብስ ይልቅ መፍቻ ነበር የያዘው።

"ልብስ የትም ይገኛል" አለኝ፣ "እጄ የለመደው መፍቻ ግን የት ይገኛል?"

ታንዛኒያ ላይ ፖሊሶች ሊነጥቁት ሲሉ አልለቅም ቢል በዱላ የፊት ጥርሱን አወለቁበት። መፍቻውን ግን አልሰጠም፤ እንዲህ ያለ ግትር!

ደቡብ አፍሪካ ስንደርስ ባባ ዞንዶ የሚባል ሽማግሌ ግቢው ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ሊያከራየን መጣ።

"ከየት ናችሁ?"

"ከሆሳዕና፣ ኢትዮጵያ።"

"እዚያ መኪና አለ እንዴ?"

"ባይኖር መካኒክ ምን ይሠራል?" አለ ማርቆስ፣ ጥርስ በሌለው ፈገግታው።

ሰውየው ስቆ ፒካፑን አሳየን፤ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ለሞተሩ አየር የሚገፋለት ቱርቦ የሞተበት። "ካስነሣችሁት ትኖራላችሁ፣ ካበላሻችሁት ራሴ ነኝ የማባርራችሁ" አለን።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ፓፕ የሚሉትን ነጭ የበቆሎ ገንፎ እየዋጥን ቆጮና ጎመን በዓይናችን ይዞር እንደነበር ልንገራችሁ? ቱርቦ ፈልገን አጣን። ማርቆስ ከተገለበጠ መኪና ላይ ሱፐርቻርጀር የሚሉትን ሌላ ዓይነት አየር ገፊ ፈትቶ አመጣና ሞተሩ ጎን ላይ ማሰሪያ በየደ።

"ይሄ ነገር ጉልበቱን ከሞተሩ ነው የሚበላው፤ ነዳጅ ይጨርሳል" አልኩት።

"ይጨርስ! ቱርቦ የሚዞረው በጭስ ነው፤ ጭሱ እስኪበረታ ረግጠህ ትጠብቃለህ። ይሄ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይታሰራል፤ ስትረግጠው ወዲያው ነው። እኔ መጠበቅ ሰልችቶኛል።"

በዚያው ሳምንት እናቱ ደወሉልኝ። ከምባትኛ ስለማልችል የምናወራው በአማርኛ ነው።

"ማርቆስ ምንድነው የሚሠራው?"

"ቱርቦ ነው የሚሠራው፣ እማማ።"

"ወይኔ ልጄ! ተርቦ ነው የሚሠራው?"

ማርቆስ መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ። ቱርቦ የመኪና ዕቃ ነው ብል ማን ሊሰማኝ! ከዚያ ወዲህ በደወሉ ቁጥር ከሰላምታ በፊት "ማርቆስ በላ?" ነው።

አርብ ከሰዓት የሰፈሩ ጎረምሶች የውጭ ሰው ይውጣ እያሉ ዱላና ብረት ይዘው መጡ። ማዶ ያለው የአገራችን ልጆች ሱቅ ይነድ ነበር። ባባ ዞንዶ በሩ ላይ ቆሞ ጮኸ፦

"ፒካፑን እንዳትነኩ፣ የእኔ ነው! እነሱን እንደፈለጋችሁ!"

እኔ መሪ ላይ ነበርኩ፣ ማርቆስ ኮፈኑ ሥር።

"ግባ!"

"አንዲት ብሎን ቀረችኝ! ቺንጋው ካልተወጠረ ይወልቃል!"

ድንጋዩ ግንባሩን መታው። ቀና ሲል በብረት ደገሙት፤ የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁ። ብሎኗን አጥብቋት ነበር። ወርጄ ኮፈኑን ዘጋሁ፣ ማርቆስን በኮሌታው ጎትቼ አስገባሁትና ነዳጁን ረገጥኩ። ፒካፑ ዘለለ። የግቢውን በር ገነጠልነው፤ ሰው ይሁን እንጨት ከሥራችን የተሰበረውን ያኔ አላየሁም፣ አሁንም ማወቅ አልፈልግም።

ደሙ ጭኔ ላይ እየወረደ፣ "አየህ? አላስጠበቀንም" አለኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሞቶ ነበር። እሱ ያለው ልክ መሆኑ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። ቱርቦ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም እዚያው እንቀር ነበር፤ ሱፐርቻርጀሩ እኔን አዳነኝ፣ እሱን ግን አላዳነውም።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ለወንድሙ ብቻ ነገርኩት፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሲነጋ ሀደሮ እናቱ ቤት ሄደው ሊያረዱ ተስማሙ። እናቱ ግን በዚያው ምሽት ደወሉ።

"ማርቆስ በላ?"

መፍቻው እጄ ላይ ነበር፣ ደሙ ደርቆበት።

"በልቷል፣ እማማ።"

"ጠገበ?"

"ጠግቧል።"

"ተመስገን። እንግዲያ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል" አሉና ዘጉ።