የእርሳስ ወታደሮች ያጸዳሁበት መስከረም

ጣሊያኖች ከድንበሩ ማዶ በሱዳን ያለችውን ጋላባትን በያዙበት ክረምት እኔና አባቴ መተማ ዮሐንስ ነበርን። አባቴ ከጎንደር የወረዱ ብር ሠሪ ናቸው። በደጉ ጊዜ ለነጋዴ ሚስቶች አምባር፣ ለባላገሩ የአንገት መስቀል ይሠሩ ነበር። በኋላ ዓይናቸው ደከመ። በዚያ ዓመት ሰው በር ላይ ሲቆም ጥላውን እንጂ ፊቱን አይለዩም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ደንበኛ ሲመጣ የሚያናግሩት እሳቸው፣ ከሄደ በኋላ ሞረዱን የምይዘው እኔ ነበርሁ። ታላቅ ወንድሜ ከአርበኞች ጋር በረሃ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

አንድ ጣሊያን ሻምበል ደንበኛችን ሆነ። ከአገሩ ባመጣው የነሐስ ቅርጽ ማውጫ እርሳስ እያቀለጠ፣ ጣት የሚያህሉ ወታደሮች ይሠራል። ለልጁ ነው። ቀለም ይቀባቸዋል፤ ቀለሙ ግን አልይዝ እያለ ይላጥበታል። አሥራ ሁለት ያህሉን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና፣ በተሰባበረ አማርኛ "አጽዳ። እንደ ብር አጽዳ" ብሎ ለአባቴ ሰጣቸው። አሸዋና ሎሚ ያስፈልጋል ቢሉት፣ ወንዝ ድረስ የሚያሳልፋቸው የይለፍ ወረቀት ጻፈላቸው። ለጊዜው የቀድሞ አሸዋ ስለነበረን ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። ቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሽ ስለሆነ፣ በተጋጠመበት በኩል ከቆቡ እስከ ጫማው ቀጭን ጠርዝ ይቀራል። በክንዱና በጠመንጃው መካከልም እንደ ቅጠል የሳሳ ትርፍ እርሳስ ይንጠለጠላል። እሱን በቢላ ጫፍ አነሣለሁ፤ ጠርዙን በቀጭን ሞረድ እሞርዳለሁ፤ በደቃቅ አሸዋ አሻለሁ፤ በሎሚ ቀጥሎም በሳሙና ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ። ከታጠበ በኋላ በእጅ አይነካም፤ የጣት ቅባት ቀለሙን ያስለቅቀዋል። በወረንጦ ነው የሚያዘው። እርሳስ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ እጅ ካልረጋ ያበላሻል።

እጄ ግን ሊረጋ አልቻለም። መስከረም እንደገባ ጎረቤታችን የነበረው ሙስሊም ባለሱቅ ሎሚ ሊሰጠኝ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ወንድምሽ መልእክት ልኮልሻል" አለኝ። "እንግሊዝ ከተማዋን በአውሮፕላን ሊደበድብ ነው፤ አባባን ይዘሽ ውጪ፣ ከወንዙ ማዶ ማሽላው ውስጥ ሰው አለኝ ብሏል።"

ያለ ወረቀት ኬላውን የሚያልፍ የለም። ያለን ወረቀት ደግሞ የአባቴ ብቻ ነው፤ እሳቸውም ብቻቸውን መንገዱን አያገኙትም።

"አባባ፣ ሻምበሉ ለእኔም እንዲጽፍልኝ ይንገሩት" አልኋቸው።

"ለምን ብሎ ሲጠይቀኝስ? ዓይኔን ያውቅብኛል። ሥራው የአንቺ መሆኑን ካወቀ ደግሞ ነገ ወደ ጦር ሰፈሩ ነው የሚጠራሽ። አይሆንም።"

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። አንድ ወታደር ሞርጄ ሳልጨርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ በር እወጣለሁ፤ ሰማዩን አያለሁ፤ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከሱዳን በኩል የአውሮፕላን ድምፅ ሲመጣ ሞረዱ ከእጄ ሸርተት ብሎ የአንዱን ጠመንጃ ከነአፈሙዙ ቆረጠው።

"ምን ሰበርሽ?" አሉኝ አባቴ።

"ምንም።"

"ሰምቻለሁ እኮ።"

"እንግዲህ ምን ላድርገው?" ብዬ ጮኽሁባቸው። አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

በማግሥቱ ሻምበሉ ሳናስበው መጣ። ከሰሌኑ ላይ የተሰበረውን አንሥቶ ለአባቴ አቀበላቸውና "ይሄ ጥሩ ነው?" አላቸው። አባቴ ጀርባውንና አንገቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "ጥሩ ነው" አሉ። ጣታቸው ጠመንጃው ጋ አልደረሰም።

ሻምበሉ እጁን በዓይናቸው ፊት ወዲያና ወዲህ አሳለፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ነሽ?"

እርሳስ ያጠቆራቸውን ጣቶቼን ለመደበቅ ጊዜ አላገኘሁም። "እኔ ነኝ" አልሁ።

"አሸዋ አልቋል?" አለኝ። አሸዋው ገበታው ላይ እስከ ግማሽ ሞልቶ አጠገቤ ተቀምጧል።

"አልቋል" አልሁት።

ገበታውን አየው። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ቆሞ ጻፈ። "ለሁለት ሰው። ነገ ጠዋት" አለና የተጸዱትን በጨርቅ እየያዘ ሰብስቦ ሄደ። ነገሩ ገብቶት ነው ወይስ አሸዋውን ብቻ ፈልጎ? ዛሬም ድረስ አላውቅም።

ጠዋት ባዶ ቅርጫት ይዘን ወጣን። አባቴ መዶሻቸውን ሊይዙ ፈልገው ነበር። "አሸዋ የሚቀዳ ሰው መዶሻ አይዝም" አልኋቸው። እጀታውን ዳሰስ አድርገው ተዉት። ኬላው ላይ ያለው አስካሪ፣ በጣሊያን የተቀጠረ ጥቁር ወታደር፣ ወረቀቱን አገላብጦ አየ፣ ሁለታችንንም በጣቱ ቆጠረ፣ ቅርጫቱን ከፈተ። "ቶሎ ተመለሱ" አለን። እኔ መሮጥ፣ እሳቸው ማዝገም።

"አትጎትቺኝ፤ የሚሮጥ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል" አሉኝ።

ወንዙን ተሻግረን ማሽላው ውስጥ እንደገባን፣ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወደቀ ሰው ከፊታችን ቆመ። እኔ ወዲያው አወቅሁት። አባቴ ግን ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ አገጩን ዳሰሱ። "ከስተሃል" አሉት። ወንድሜ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ድብደባው ሲጀመር ኮኪት መንደር አካባቢ ዱር ውስጥ ነበርን፤ ምድሩ ከሥራችን ሲርገበገብ ይሰማን ነበር። ሻምበሉ ይሙት ይትረፍ አልሰማሁም። የእሱን ክፉ የምመኝበት ምክንያት ሞልቶኝ ሳለ መመኘቱ አልሆን ይለኝ ነበር፤ ይህም ራሱ እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ተመለስን። ቤታችን ጣሪያ አልነበረውም። አባቴ ግድግዳውን እየዳሰሱ ዙሪያውን ሄዱና "ሦስቱ ቆመዋል፤ እዚሁ እንሥራው" አሉ። ወንድሜም መጥረቢያ ሊዋስ ሄደ።