የወፍጯችን ውሃ

ከጎረቤላ ከተማ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ያለው የውሃ ወፍጮ ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ ወንድሜ የተላለፈ ነው። ታሪኩን ለማወቅ ጓጉቼ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ቢሮ ተቀምጬ ደሞዝ የምበላ ሰው ነኝ፤ ዱቄቱ እስከመጣልኝ ድረስ ውሃ የሚያመጣለትን ቦይ ማን ቆፈረው ብዬ ምን አስጨነቀኝ?

ያስጨነቀኝ ጎረቤታችን ነው። ዘንድሮ ድንች ተከለና ውሃውን ከላይ ጠለፈው። ወፍጮው ቆመ። ወንድሜ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ደንበኛውንም የመብራት ወፍጮ ወስዶበት የቀሩት "የውሃ ወፍጮ ዱቄት አይቃጠልም" የሚሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ፤ ሽማግሌዎቹም የቦዩን ነገር የሚያውቅ ሰው አምጡ አሉ።

የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ ነገር ይጠፋበት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔን አንዳንዴ በሟች እህቱ ስም ይጠራኛል። ቢሆንም ፈቃድ ወስጄ ሳምንት ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "አባባ፣ ቦዩን ማን ቆፈረው?" ስለው "አባቴ" ይላል፤ ደስ ይለኛል። እንደ ተማሪ ደጋግሜ አስጠናሁት። ማጭበርበር አልመሰለኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው?

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ቦዩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ጎረቤታችንና የሰፈሩ ሰውም መጣ። አባቴን ደግፈን ወሰድነው።

"እስቲ አንቱ ይንገሩን፤ ይሄን ቦይ ማን ቆፈረው?" አለ ትልቁ ሽማግሌ።

"አባቴ።"

ወንድሜ ክንዴን ጨበጥ አደረገኝ። ምነው እዚያ ላይ ባቆመ!

"ውሃው ግን የሰው ነው" አለ አባቴ። ድምፁ እንደ ድሮው ጠንካራ ነበር። "የዚህ ልጅ አያት ነው የፈቀደልን፣ ለምነነው። ሲቸግረኝ እወስደዋለሁ ብሎ። አባቴ ሊሞት ሲል፣ ይሄን ለማንም እንዳትናገር አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"የዚህ ልጅ" ያለው ጎረቤታችንን ነው። ሰውየው ክው አለ፤ እሱም ሰምቶ አያውቅም። አባቴ ዕድሜ ልኩን የደበቀውን፣ መደበቅ እንዳለበት ረስቶ አወጣው። እኔ ነኝ ይዤው የመጣሁት።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ አባትሽ ይጠፋባቸዋል ሲባል ሰምተናል። ቃላቸውን እንያዘው ወይስ እንተወው? ከተውነው ያው ለብዙ ዘመን የተጠቀመበት ይጠቀም ነው የምንለው።"

ወንድሜ አየኝ። ሦስቱ ልጆቹ የሚበሉት ከዚያ ወፍጮ ነው። አባቴ አእምሮው ልክ አይደለም፣ አትስሙት ማለት ብቻ ነበረብኝ። እሱ ፊት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ አባቴ ግራ ገባው። እጄን ይዞ፣ ሳምንቱን ሙሉ እንዳስለመድኩት፣ "ልክ ነው ያልኩት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ልክ ነው፣ አባባ" አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ይህንኑ እንደ መልሴ ቆጥረው የአባቴን ቃል ያዙ።