በሕዳር የታጠነ ጓሮ

ከዛፍ የወደቀ ቅጠል ቆሻሻ ነው ብሎ ያስተማራችሁ ማን ነው? ጠዋት ተነሥታችሁ ግቢያችሁን ቆዳው እስኪላጥ ጠርጋችሁ፣ ጥራጊውን ከምራችሁ እሳት የምትለኩሱ፣ ጭሱ የጎረቤት ቤት ሲገባ ደግሞ በንጽሕናችሁ የምትኮሩ ሁሉ፣ መልሱን ካወቃችሁ ንገሩኝ። እኔ የማውቀው የወረታን ሰው ያስተማረችውን ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ወረታ ከነበረው ቤታችን ጀርባ በዚያው ግቢ ውስጥ የአባቴ አክስት እሜት ድንቄ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞቷል፤ አንድ ልጃቸው ይፋግ አግብታለች። አማቻቸው እሱ ቤት ገብተው እንዲጦሩ በየዓመቱ ይለምናቸዋል፤ እሳቸው ግን በሰው ጓዳ የሰው እጅ ከማየት ሞታቸውን ይመርጡ ነበር። ራሳቸውን ችለው ያኖራቸው ጓሮው ነው። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጌሾ ከዚያ እየለቀሙ ገበያ ያወጣሉ። በዙሪያችን ያለው የፎገራ መሬት ክረምት ጉልበት ድረስ ይውጣል፣ በጋ ደግሞ የልጅ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ይተረተራል። የእሜት ድንቄ የአትክልት መደብ ግን አይሰነጠቅም ነበር። የዋንዛውን ቅጠል፣ የባቄላውን ገለባ፣ የታረመውን ሣር፣ ሌላው የሚያቃጥለውን ሁሉ ሰብስበው አፈሩን ያለብሱታል። በሚያዝያ ሐሩር እጄን ከቅጠሉ ሥር ስሰድ አፈሩ ይቀዘቅዘኝ ነበር።

ተረቱም የሚነገረው እዚያው ነው። አመሻሽ ላይ ኩራዙን ደጃፉ ላይ ካለው ጉቶ ያስቀምጡና፣ በገል የያዙትን ፍም እግራቸው ሥር አድርገው፣ እኔ ቅጠሉን ስበትን እሳቸው ያወጉኛል። በጋ የሚባል ሌባ አለ፤ በየጓሮው እየዞረ የመሬትን ልብስ ይገፋል፣ ተራቁታ ያገኛትንም ደሟን መጥጦ ይሄዳል። አንድ ምሽት አንበሳሜ ታይቷል ይሉኛል፣ ሌላ ምሽት ቁሐር ሚካኤል ደርሷል። ያኔ ከዚህ ሌባ የበለጠ የምፈራው ነገር አልነበረምና ቅጠሉን እየታቀፍሁ ስሮጥ ያስቆሙኛል።

«ቀስ በይ። አልብሻት አልሁ እንጂ እነቂያት አላልሁም። ከቃሪያዋ አንገት ራቅ አድርጊው፣ ትተንፍስ።»

«እኛ ግቢስ መቼ ነው የሚመጣ?»

«ሲመጣ እነግርሻለሁ።»

በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የአንድ ጸሐፊ ሚስት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ ከአጥራችን ማዶ ቤት ተከራይታ ገባች። ጭቃችንን ናቀች፣ ቅቤያችንን ናቀች፣ አነጋገራችንን ናቀች። የሰፈሩ ሴቶች በዚህ መቀየም ሲገባቸው ከበው ያዳምጧት ጀመር። የሚንቃቸውን ሰው የሚያከብሩ ሰዎች እንዳሉ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ በኖርሁበት አገርም፣ ባነበብሁት መጽሐፍም ከነሱ የባሰ ወራዳ አላገኘሁም። በሕዳር ሚካኤል ዕለት አዲስ አበባ ላይ እያንዳንዱ ቤት ጥራጊውን አውጥቶ እንደሚያጥን፣ በሽታም በጭሱ እንደሚባረር የነገረቻቸው እሷ ናት።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ወባ ገባ። ወባ ፎገራን መቼ ለቆ ያውቃል? ሜዳው በሙሉ ውሃ ተኝቶበት ሳለ ጥፋተኛው የእሜት ድንቄ ቅጠል ሆነ።

«አንቺ ልጅ ታሳድጊያለሽ፣ እኒህ ሴትዮ በሽታ ይፈለፍላሉ» አለቻት አስካለ እናቴን፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ።

«ምን ላርግ ታዲያ? የባሌ አክስት ናቸው።»

«ብናጸዳላቸው ለኛም ጽድቅ ነው። አቅም አጥተው እንጂ መጥረግ ጠልተው መሰለሽ?»

የሕዳር ሚካኤል ዕለት እሜት ድንቄ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁሐር ሚካኤል ለንግሥ ሄዱ። እናቴ የጓሮውን በር ከፈተች። ሴቶቹ መጥረጊያና መንሽ ይዘው ገቡ፤ ስንት ዓመት የተደራረበውን ልብስ በአንድ ጠዋት ገፈው መሃል ላይ ከመሩት።

«ሲመለሱ የሙሽራ ቤት ይመስላቸዋል» አለች አንዷ፤ ሳቁ።

«እሜት ያዝናሉ» ብል እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። አስካለ ለኮሰችው።

ማምሻውን ሲመለሱ ፍሙ ገና ይጤሳል። ሴቶቹ ምስጋና ሊቀበሉ አጥሩ ሥር ተደርድረዋል። እሜት ድንቄ የተራቆተውን መደብ በእግራቸው ጣት ነካ አደረጉት። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» አሏቸው፤ ሴቶቹም ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ገቡ። እስከ ዛሬ ያልገባቸው ይመስለኛል።

ጥር ላይ መሬቱ ተሰነጠቀ። በእንስራ ውሃ እየተሸከሙ ቢያጠጡም ስንጥቁ ይውጠዋል። የካቲት ላይ ቃሪያው ቆሞ ደረቀ፤ ገበያ የሚወጣ ነገር ጠፋ፤ አማቻቸው በቅሎ ይዞ መጣ። ሊሄዱ ሲሉ፣ በኩራዙ አጠገብ ተቀምጠን፣ የተረቱን መጨረሻ ጠየቅኋቸው።

«መጥቶ ሄደ እኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

ይፋግ ላይ ክረምቱን ሳያዩ ሞቱ። ወባው በዓመቱ እንደ ልማዱ ተመልሶ መጣ።

ባለፈው ዓመት ወረታ ሄጄ ነበር። ጃንሆይም ደርግም አልፈዋል፤ ሜዳው ከጥግ እስከ ጥግ ሩዝ ሆኗል። አስካለ ዛሬም በሕይወት አለች። የግብርና ሠራተኞች አፈርን ማልበስ በስብሰባ አስተምረዋታልና፣ ጓሮዋን የሩዝ ገለባና ደረቅ ቅጠል አልብሳ እንግዳ ታስጎበኛለች። እኔንም ክንዴን ይዛ አዞረችኝ።

«እሜት ድንቄ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይችን ነገር ከኔ ነበር የለመዷት» አለችኝ።

«እርስዎ ነዎት ያቃጠሉባቸው።»

ክንዴን ለቀቀች። ከዚያ ሳቅ አለች።

«ልጅ ነበርሽ እኮ። በክፋት መቼ አደረግነው? በይ ስለ ሚካኤል ብለሽ ይቅር በይኝ።»

ዓይኔ መደቡ ላይ ነበር። ገለባው የቃሪያውን አንገት አንቆታል፤ ያን ያህል ተምራ ይችን አልተማረችም። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ራቅ ራቅ አደረግሁለት። ከእነዚያ ምሽቶች እጄ ላይ የቀረው ይህ ነው። ቃሪያው አልበደለኝም።

ሌሎቹን ግን፣ እሳት የለኮሰችውን፣ አጥር ሥር ቆመው የተመሰገኑትን፣ በር የከፈተችውን እናቴንም ጨምሮ፣ ይቅር አላልሁም። አልልምም።