ልብስ ሰፊዋና ምራቷ

የልብስ ሰፊዋ አፍ ከመቀሷ የሰላ ነው። «ጠበበኝ» ብሎ ልብሱን የሚመልስ ደንበኛ ቢመጣ፣ «ቦርጭህን የሰፋሁልህ እኔ ነኝ?» ብላ ታሳፍረዋለች። ይህቺ ሴት የምትለሰልሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሟች ልጇ ሚስት። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ምራቷ ወደ ወላጆቿ አልተመለሰችም። አጠገቧ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትቀመቅማለች።

«አንዱን ቢወስድብኝ ሌላ ልጅ ሰጥቶኛል፤ እንደ ሩት ያለች» ትላለች ለመጣ ለሄደው። እሁድ እሁድ መነጽሯን አድርጋ ከመጽሐፍ ቅዱስ የሩትን ታሪክ ጮክ ብላ ታነባለች። ሩት አማቷን «አልለይሽም» የምትልበት ጋ ስትደርስ እንባዋ ይቀድማታል፤ መጽሐፉን ሳም አድርጋ ትዘጋዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገጽ ገልጣ አታውቅም።

አንድ ቀን የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ያው ሱሪ ባለፈው ሳምንትም አጥሯል፤ ከዚህ በላይ ቢነካ ቁምጣ ነው።

«ሱሪው ሰበብ ነው፣ እማማ» አለ ላብ እያጠመቀው። «ምራትዎን ለትዳር ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ልብስ ሰፊዋ ቀጥ አለች። አንድ ሰው ብቻ የሚበላበት ገበታ ታያትና ፈራች፤ እሷ ደግሞ ስትፈራ ትቆጣለች።

«ሩት አማቷን ጥላ ሄደች? ሂድ፣ ዳቦህ ይረርብሃል!» ብላ ሱሪውን ወረወረችለት።

ምራቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች። «እማማ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አንብበውት ያውቃሉ?»

«ከዚያ በኋላ ደግሞ ምን አለ?»

«ሩትን የዳረቻት እኮ አማቷ ኑኃሚን ናት! ታጠቢ፣ ልበሺ ብላ ወደ ቦዔዝ የላከቻት እሷው ናት። ልጅ ሲወለድም ያቀፈችው፣ ያሳደገችው እሷ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ አላመነችም። መጽሐፉን አውርዳ እዚያው ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ጋጋሪው ሱሪውን ታቅፎ በሩ ላይ እንደተገተረ። ስትጨርስ አፈረች። የእግዚአብሔር ስጦታ ናት ስትል ኖራ፣ ስጦታውን ቆልፋበት ልታስቀር ነበር። ግን ደስም አላት፤ ደስታው ከሐፍረቱ በለጠ።

«ስማ» አለችው። «ልጄን የምትወስዳት እኔንም ጨምረህ ነው። ቅር ካለህ አሁኑኑ ተናገር።»

«የእርስዎን ክፍል ቀለም አስቀብቼ ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ታዲያ ግባ እንጂ፤ የገዛ አማቼ በር ላይ ይቆማል እንዴ?»