እንስራው ሥር የከረሙት ክኒኖች

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ መድኃኒት ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ያፈሰሰቻቸው ክኒኖች፣ ሳህን ላይ እንደሚወድቅ ጠጠር ተንኳኩ። ድምፁን በደንብ አውቀዋለሁ።

ልጅ ሳለሁ ሙዝ በሚለማባት በጫኖ ነበር የምንኖረው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ገና አራተኛ ክፍል ነኝ። ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ነበረበት። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ለወራት ደህና ከርሞ፣ በኋላ ግን በሽታው ደጋግሞ ጣለው። አንድ ቀን እንዲያውም መስኖው ቦይ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ አገኘነው። ከደረቱ ላይ የጭቃው ሽታ ለቀናት አልለቀቀም።

እናቴ ጥፋተኛውን ለማግኘት አልተቸገረችም።

«እየተፋኸው ነው።»

«ውጬዋለሁ፣ እማ።»

«አፍህን ክፈት። ምላስህንም አንሳ።»

በየጠዋቱ እንዲህ ነበር። በመጨረሻ እንዲቆጡላት ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ክኒኖቹን በጨርቅ ቋጥሬ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መድኃኒት የምትሰጠው ባለሙያ ቋጠሮውን ፈታ ሳህን ላይ ስታፈስሳቸው እንደ ጠጠር ተንኳኩ፤ አየቻቸውና «ማሸጊያው የታለ፣ እትዬ?» አለች።

«ያ የሚያብረቀርቀው? እሱማ እንደ ቤታችን ቆርቆሮ ይግላል፤ ፈልፍዬ ጣልኩት። ሙቀቱ ከበረታ ወዲህ ክኒኑን እንስራው ሥር፣ እርጥቡ አሸዋ ውስጥ ነው የማኖረው» አለች እናቴ፣ መመስገን እየጠበቀች።

ባለሙያዋ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀድታ በየብርጭቆው አንድ አንድ ክኒን ጣለች። ከአዲስ ማሸጊያ ያወጣችው ክኒን ወዲያው ፈርሶ ውኃውን አደፈረሰው። የእኛው ግን ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ሳይፈርስ ብርጭቆው ሥር ቁጭ አለ። ሌሎች ታካሚዎችን አስተናግዳ ስትመለስም እዚያው ነበር። ዛሬ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ ያ መድኃኒት እርጥበት ከጠጣ ይጠጥራል፣ ሆድ ውስጥም እንደሚገባው አይሟሟም።

«ልጁ ውጦታል፣ እትዬ» አለች።

«ሙቀት እንዳይነካው ብላችሁኛል።»

«ብለናል። እርጥበቱን ሳንነግርዎት ቀርተናል።»

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን አየ። «ይሄንንም አፉን አስከፍቺው፣ እማ።»

ባለሙያዋ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም።

ይቅርታ የሚባል ቃል ከእናቴ አፍ ወጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልወጣም። በማግስቱ ጠዋት ግን አዲሱን ክኒን ከነማሸጊያው ወንድሜ መዳፍ ላይ አኖረችለትና፣ እስኪውጠው ሳትጠብቅ ወደ ሙዙ ማሳ ወረደች።