ጋሽ ይድረስና ጥላቸው የራቀ አባቶች

የጋሽ ይድረስ ስም ሌላ ነው። ግን የተማሪዎች ብድርና ድጎማ ከሚሰጥበት መሥሪያ ቤት በር አጠገብ፣ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «ይድረስ ለ» እያሉ ማመልከቻ ሲጽፉ ስለኖሩ፣ እውነተኛ ስማቸውን ከሚስታቸው በስተቀር የሚያስታውሰው የለም። እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው የምትጠራው። ንብረታቸው አንዲት የምትታጠፍ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና በደረት ኪሳቸው የተሰለፉ አራት እስክሪብቶዎች ናቸው። አራተኛው አይጽፍም፤ ለግርማ ሞገስ ነው።

ሙያቸው አንጀት የሚበላ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አንድ ልጅ በርጩማው ላይ ቁጭ ሲል ጋሽ ይድረስ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ውጤቱ አይደለም።

«አባት አለህ?» ይላሉ።

«አለ።»

«ውይ!» ብለው ያዝናሉ። ከዚያ ጥቂት አሰብ ያደርጉና «ምንድነው ሥራው?» ይላሉ። ልጁ «ሹፌር ነው፤ አንዳንዴ ሳምንት ይቆያል» ካለ ፊታቸው ይፈካል። «የአባት ጥላ የራቀኝ ምስኪን ተማሪ ስሆን» ብለው ይጀምራሉ። ውሸት ነው ያላቸው ሰው ወዮለት። «ሞቷል አልኩ? ርቋል ነው ያልኩት። ሳምንት አይርቅም?» ብለው ይሟገታሉ። በዚህ ዓይነት ስንቱ ጤነኛ አባት በጋሽ ይድረስ ወረቀት ላይ እንደራቀ፣ እንደደከመ፣ አልጋ እንደያዘ ቆጥሮ መዝለቅ አይቻልም። ደግነቱ፣ ገንዘብ የሌለውን ልጅ አይመልሱም። «ሲሳካልህ ትከፍለኛለህ» ብለው ይጽፉለታል።

ዘንድሮ ተራው የራሳቸው ልጅ ሆነ። አንድያ ልጃቸው በሌላ ከተማ መድኃኒት ቅመማ እንድትማር ተቀባይነት አገኘች። የትምህርቱ ክፍያ በብድር ይሸፈናል፤ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ እየተቆረጠ ይመለሳል። ብድሩ ግን መኝታና ምግብ የሚባል ነገር አያውቅም። ለዚያ ያለው ድጎማ ነው፤ እሱም ለአርባ ልጆች ብቻ ነው። ከአርባዎቹ ካልገባች፣ ከእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ቁጭ ብላ የዩኒፎርም ቁልፍ መትከሏ ነው። ማመልከቻ የሚዘጋው ዓርብ ነበር።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ጋሽ ይድረስ ደንበኛ በጠፋ ሰዓት ሁሉ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን፣ የልጃቸውን ማመልከቻ፣ ተያያዙት። ችግሩ፣ አሁን መራቅ ያለበት አባት ራሳቸው ናቸው። ርቀዋል እንዳይባል ደግሞ ጥላቸው እዚያው የመሥሪያ ቤቱ ግንብ ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ዓይናቸውን አደከሙ። ዓይን ብቻውን አላረካቸውም፤ ኩላሊት ጨመሩ። ሐሙስ ምሳ ላይ ድምፃቸውን አሳምረው ለሚስታቸውና ለልጃቸው አነበቡ።

«ምን ዓይነት ሟርት ነው!» አለች ሚስታቸው፣ በእውነተኛ ስማቸው ጠርታ። «በእግርህ ቆመህ እየሄድክ ራስህን አልጋ ላይ ታጋድማለህ?»

ልጃቸው ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ግን ማነው? አሳዘነኝ እኮ። ትንሽ ነገር አዋጥተን አንረዳውም?»

«ቀልጂ አንቺ! ድንጋይ የሚያስለቅስ ጽሑፍ ነው።»

«የኔን እኔው ጽፌያለሁ። ጠዋት አስገባሁት።»

ማንኪያቸው ከአፋቸው ሳይደርስ ቀረ። «ስንት ገጽ?»

«ግማሽ።»

«ስለ እኔስ ምን አልሽ?»

«ያለውን።»

ሰማይ ተደፋባቸው። ያለውን! ያለው ነገር መቼ ኮሚቴ አስለቅሶ ያውቃል? ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጋሽ ይድረስ ጋሽ ይድረስን አልሆኑም። የአንዱን ተማሪ ስም ለሌላው ሰጡ፤ አንድ ቀንማ ሴቷን «እሱ» ብለው ጻፉ። የሰውን ልጅ ሁሉ በዚያ በር ሲያስገቡ ኖረው የራሳቸው ልጅ ደጅ እንዳትቀር ፈርተው ነበር፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ ለኮሚቴው ማመልከቻ የምታነበው፣ ከፎቅ ወርዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ጋሽ ይድረስ፣ አይቀየሙኝና የእርስዎን ማመልከቻ ማንበብ ከተውን ቆየን» አለች። «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት እንዳለው እየሆነ አስቸገረን። የልጆቹን ውጤትና የገቢ ማስረጃ ብቻ ነው የምናየው።»

የጋሽ ይድረስ ጆሮ ጋለ።

«ዘንድሮ ግን አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩት።» ከፋይሏ ግማሽ ገጽ አወጣች።

«አባቴ በሕይወት አለ፤ ጤነኛም ነው። የሚሠራው በራችሁ ላይ ስለሆነ በመስኮት ታዩታላችሁ። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ሲመጣ ‹ሲሳካልህ ትከፍለኛለህ› ይላል። የተሳካላቸው ብዙ ናቸው። የከፈሉት ሦስት ናቸው። ለእኔ የሚከፍለው ያጣው ለዚህ ነው። ድጎማውን ባገኝ ደስ ይለኛል፤ ለሱ ብዬ ግን አባቴ እንዲታመምብኝ አልፈልግም።»

«ይሄን ሳነብ ከኮሚቴው ሁለቱ ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ» አለች ሴትዮዋ። «የእርስዎ ደንበኞች ነበሩ መሰለኝ። ግን እውነት ሦስት ብቻ ናቸው?»

ጋሽ ይድረስ በጣታቸው ቆጠሩ። ለአንድ ጊዜ ምንም ማጋነን አልፈለጉም።

«አራት ናቸው» አሉ። «አንዱ በሙዝ ነው የከፈለኝ። እሷ አታውቅም።»

«ሙዙን እመዘግባለሁ» ብላ የልጃቸውን መልስ የያዘ ፖስታ አቀበለቻቸው። ልጃቸው ከአርባዎቹ ሃያ ሰባተኛዋ ነበረች። ጋሽ ይድረስ ደብዳቤውን ሊያነቡ ሞከሩ፤ ዓይናቸው ግን በዚያ ማመልከቻቸው ላይ እንደጻፉት ሆኖ እምቢ አላቸው።

ሴትዮዋ ስትነሳ አንዲት ቀጭን ተማሪ መጥታ የበርጩማው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ገንዘብ እንደሌላት ገና ሳትናገር ያስታውቃል።

«አባት አለሽ?» አሏት።

«አለ።»

ጋሽ ይድረስ ፊታቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው እስክሪብቶ መዘዙ። አራተኛው ሆኖ አገኙትና መልሰው ሌላ አወጡ።

«እሰይ፣ እንኳን ኖረልሽ» አሉ። «በይ ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ።»